የአፍሪካ ብዕር በልጆቻችን እጅ



ትምህርት ቤት የሚውሉ ልጆቻችሁን እስቲ አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው። «የአፍሪካ ጥበብ ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል?» በሏቸው። ብዙዎቹ ከበሮ፣ ጭፈራና ከእንጨት የተቀረጸ ጭምብል ይሉ ይሆናል። መልሳቸው ስሕተት አይደለም፤ የቤኒን የነሐስ ቅርጾችም ሆኑ የእንጨት ቅርጻ ቅርጾች የብልህ እጆች ሥራ ናቸው። ነገር ግን መልሱ ግማሽ ነው። በጎደለው ግማሽ ውስጥ ኪታብ አለ።

ይህ ጉድለት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሄግል በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አፍሪካን ከዓለም ታሪክ ውጭ አድርጎ አስተማረ። በ1963 እንኳ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኦክስፎርዱ ፕሮፌሰር ሂዩ ትሬቨር ሮፐር በአፍሪካ ምድር ያለው የአውሮፓውያን ታሪክ ብቻ ነው ሲል ተናግሯል። እንዲህ ያለው አስተያየት ከቆመባቸው ምሰሶዎች አንዱ አፍሪካ አልጻፈችም የሚለው ነው። የግዕዝ ብራና ባለበት ሀገር ያደገ ልጅ ይህ ሐሰት መሆኑን ቶሎ ይረዳል። ከግዕዙ ጎን ለጎን በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ ሰፊ ቅርስ መኖሩን ግን ማን ነገረው?

የማሊውን ንጉሥ የማንሳ ሙሳን ታሪክ እንውሰድ። በ1324 ለሐጅ ሲጓዝ በካይሮ የበተነው ወርቅ እስከ ዛሬ ይወራል። ከሐጅ መልስ በቲምቡክቱ ያሠራው ከጭቃ የተገነባው የጂንጋሬይ በር መስጊድም ዛሬ ቆሞ ይታያል። ለልጆች የሚነገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወርቁ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ቲምቡክቱን ያየው ተጓዥ አል-ሐሰን አል-ወዛን፣ በከተማይቱ ገበያ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት ከማንኛውም ሸቀጥ የበለጠ ትርፍ ያስገኙ እንደነበር ጽፏል። ወርቅ የሞላው ሕዝብ ኪታብ ለመግዛት ይሻማ ነበር ማለት ነው።

የዚያች ከተማ ሊቅ የነበሩት ሸኽ አሕመድ ባባ (1556–1627) ታሪካቸው ለልጅ ሊነገር የሚገባ ነው። የሞሮኮ ጦር በ1591 የሶንጋይን መንግሥት ድል ካደረገ በኋላ፣ በ1593 እሳቸውና ሌሎች ዑለማዎች ታስረው ኋላ ወደ መራኪሽ ተወሰዱ። ሸኹ በሱልጣኑ ፊት ቀርበው አቤቱታ ሲያሰሙ 1600 ኪታብ እንደተዘረፈባቸው፣ የእሳቸው ስብስብም ከዘመዶቻቸው ሁሉ ያነሰ እንደነበር ተናገሩ። ወደ ሀገራቸው የተመለሱት በ1608 ነበር። እያንዳንዱ ኪታብ በእጅ፣ ፊደል በፊደል የተጻፈ መሆኑን አስቡና ይህን ቁጥር ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

ኪታቡ የዕውቀት ዕቃ ብቻ ሳይሆን የጥበብ ሥራም ነው። ቀለም በጥባጩ፣ ጸሐፊው፣ ቆዳ ፋቂውና ጠራዡ ሁሉ እጃቸው አለበት። ለዚህ ምስክር ፍለጋ እስከ ማሊ መሄድ አያሻንም። በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው የሐረር ጁገል በኪታብ ጥረዛ የታወቀች ናት። የቆዳው ሽፋን ከጎኑ ምላስ የመሰለ ክዳን አለው፤ ክዳኑ ሲታጠፍ የገጾቹን ጠርዝ ከአቧራ ይጠብቃል። በቆዳው ላይ የታተመው ሐረግ ደግሞ ዓይን ይስባል። በወሎ መሻይኾች አማርኛን ራሱን በዐረብኛ ፊደል ጽፈውታል፤ ይህም ዐጀም ይባላል። በ19ኛው መቶ ዓመት ስማቸው የገነነው ሸኽ ጠልሓ ቢን ጃዕፈር በዚህ መንገድ ከጻፉት ሊቃውንት አንዱ ናቸው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ሁሉ የምናነሣው ለመመጻደቅ አይደለም። ቅርስ የሚጠፋው በእሳት ብቻ ሳይሆን ባለማወቅም ነው። በ2012 ታጣቂዎች ቲምቡክቱን ሲይዙ፣ ቤተሰቦችና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ኪታቦቹን በብረት ሣጥን እየሞሉ በመኪናና በጀልባ በድብቅ ወደ ባማኮ አሸሹ። በጥር 2013 ታጣቂዎቹ ከከተማይቱ ሲወጡ በአሕመድ ባባ ስም በሚጠራው ተቋም የቀሩትን በሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች አቃጠሉ። ያቃጠሉት ሰዎች በእስልምና ስም ይናገሩ ነበር። ያዳኑትም ሙስሊሞች ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአያትን ኪታብ ክብር ማወቅና አለማወቅ ነው።

በእኛስ ቤት? አያት ያወረሱት፣ ምስጥ የጀመረው ኪታብ በቆጥ ላይ ወይም በሣጥን ግርጌ ተጥሎ የለምን? ዋጋውን ያልተነገረው ልጅ ነገ ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ቢሸጠው በማን ይፈረዳል?

ስለዚህ ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ትምህርቱን ከእጅ እንጀምር። ልጁ በመቃ ብዕር ሉሕ ላይ ይጻፍ፤ አንድ ገጽ ለመሙላት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ራሱ ይየው። አማርኛ ስሙን በዐረብኛ ፊደል ይሞክር፤ እንደ «ጨ» ያለው ድምፅ ሲቸግረው መሻይኾቹ እንዴት እንደጻፉት ይጠይቅ። ሐረር የሚወስድ መንገድ ከተገኘ፣ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው ከየቤቱ የሰበሰቧቸውን ኪታቦች በሙዚየሙ ይመልከት። ካርታ ዘርግታችሁ ቲምቡክቱን፣ ሐረርንና መካን በጣቱ ያገናኝ። ከቤታችሁ ኪታብ ካለ ደግሞ እጁን አስታጥባችሁ አስይዙት፤ ማን ጻፈው፣ ከማን ወደ ማን ተላለፈ የሚለውን ታላላቆቹን ጠይቆ በደብተሩ ያስፍር።

ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ የወረደው ወሕይ ንባብንና ብዕርን ያነሣ ነበር። የአፍሪካ ልጆች ያንን ጥሪ ሰምተው ለዘመናት ጽፈዋል። የጻፉትን የሚያነብና የሚጠብቅ ትውልድ ማሳደግ የእኛ ተራ ነው። አላህ (ሱ.ወ) ያግዘን።