ማይክሮባዮሎጂ በሱሉልታ፣ ሰበታና ቡራዩ፦ ትምህርቱና የሥራ ዕድሉ

ማይክሮባዮሎጂ ባክቴሪያን፣ ቫይረስን፣ ፈንገስንና ሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያንን የሚያጠና የሳይንስ ዘርፍ ነው። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሱሉልታ፣ ሰበታና ቡራዩ አካባቢ ባለሙያው ከሆስፒታል ውጭም በወተት፣ በታሸገ ውሃ፣ በቢራና በእንስሳት ጤና ዘርፍ የሥራ መስክ አለው።

ትምህርት

በኢትዮጵያ ማይክሮባዮሎጂ ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ሆኖ የሚሰጠው በአብዛኛው በሁለተኛ ዲግሪ ነው። ተማሪው አስቀድሞ በባዮሎጂ፣ በባዮቴክኖሎጂ፣ በሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ ወይም በእንስሳት ሕክምና ይመረቃል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ማለፍም ግዴታ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪው ምርጫ የኋላውን ሥራ ይወስናል፦ የሆስፒታል ላቦራቶሪ የጤና ባለሙያ የሙያ ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ የባዮሎጂ ምሩቅ ይበልጥ የሚቀናው ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ማስተማርና ወደ ምርምር ነው። በምግብ ማይክሮባዮሎጂ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ በአገር ባህል የተብላሉ ምግቦችና መጠጦች ላይ ባደረጉት ምርምር ይታወቃሉ።

የሥራ መስክ

*ውሃ።* ሱሉልታ ውሃ የሚያሽጉ ፋብሪካዎች አሏት። በተለመደው የምርመራ ዘዴ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀዳዳው 0.45 ማይክሮሜትር በሆነ ስስ ማጣሪያ ያልፋል፤ ማጣሪያው ባክቴሪያ በሚያበቅል ምግብ (ሚዲያ) ላይ ተነጥፎ ኢንኩቤተር ውስጥ ካደረ በኋላ የበቀሉት ኮሎኒዎች ይቆጠራሉ። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ኢ. ኮላይ አንድም መገኘት የለበትም።

*ቢራ።* የሜታ አቦ ቢራ መነሻ ሰበታ ናት። የቢራ ላቦራቶሪ እርሾውን በሜቲሊን ብሉ ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ያያል፤ የሞተው ሕዋስ ሰማያዊ ይሆናል፣ ሕያው የሆነው ቀለሙን አይዝም።

*እንስሳት።* ቀድሞ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ምርመራ ማዕከል ይባል የነበረው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኘው ሰበታ ነው። የዘርፉ አስፈላጊነት በወተት ላሞች ጉልህ ሆኖ ይታያል፦ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በመካከለኛው ኢትዮጵያ ከመረመራቸው 2,956 የወተት ከብቶች 30 ከመቶ ያህሉ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ምላሽ አሳይተዋል። በሽታው በጥሬ ወተት ወደ ሰው ሊተላለፍ ስለሚችል፣ ወተቱን በ72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ሰከንድ ማሞቅ (ፓስቸራይዜሽን) ዋነኛ መከላከያ ነው።

ተስፋና ገደብ

የፋብሪካ ላቦራቶሪ ጥቂት ሠራተኛ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ምሩቁ ናሙና አወሳሰድንና የጥራት መዝገብ አያያዝን ቢያውቅ ተመራጭ ይሆናል። በአዲስ አበባ የሚገኙት የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ደግሞ ለተመራማሪነት ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ትምህርት ላላቸው በይበልጥ ክፍት ናቸው።