ዓለም ከጀማ ማዶ ነውን?

ባማርኛ «ዓለም» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። ምድርና በውስጧ ያለው ሁሉ ዓለም ይባላል፤ ደስታም ዓለም ይባላል። ልጁን የዳረ ሰው «ዓለሜን አየሁ» ሲል ምድርን ዞርሁ ማለቱ አይደለም። የመርሐ ቤቴዋ ዓለም ከተማ ይህን ስም ይዛ ትኖራለች። ነገር ግን በዚያ ያደገ ወጣት ብዙ ጊዜ ዓለሙን የሚፈልገው ከጀማ ወንዝ ማዶ ነው። ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ በለሚ በኩል አዲስ አበባ ቢገባ፣ ደስታ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀው ይመስለዋል። መሔዱ ነውር የለበትም። ግን እስኪሔድ ድረስ ያሉትን ቀኖች ምን ያደርጋቸዋል?

ስለዚሁ ነገር የተጻፈ አንድ የታወቀ መጽሐፍ አለ፤ ታሪኩም የሚጀምረው በእኛው አገር ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን «ራስላስ»ን በ1759 እ.ኤ.አ. አሳተመ። እናቱ ሞታበት የቀብሯን ወጪ ለመክፈል በአንድ ሳምንት ምሽቶች እንደ ጻፈው ይነገራል። ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ ነገር ግን የፖርቱጋሉን ቄስ የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ አስቀድሞ ከፈረንሳይኛ ተርጕሞ ነበር። የነገሥታቱ ልጆች በግሸን አምባ ይጠበቁ የነበረበትን ታሪክ ለውጦ፣ አምባውን በአማራ ምድር ያለ ለምለም ሸለቆ አደረገው። በዚያ ሸለቆ የሚጐድል ነገር የለም፤ መስፍኑ ራስላስ ግን ሰለቸው። መውጣትን ተመኘና በውጭ የሚሠራውን ጀግንነት እያሰበ 20 ወር አሳለፈ፤ አንድ እርምጃ ግን አልተራመደም። ይህን በተረዳ ጊዜ ደግሞ ስላለፈው ጊዜ ሲያዝንና ዳግመኛ አላባክንም ሲል ሌላ 4 ወር ጨመረ። ያነቃው ሊቅ አይደለም፤ የሰበረችውን ስኒ ሳታለቅስለት የተወችው አንዲት ገረድ ናት። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ ይህን ክፍል አስበልጣለሁ፤ እነዚያን 24 ወሮች የወሰደበት ሸለቆው አልነበረምና። ካይሮ ደርሶ ባለጠጋውንም ባሕታዊውንም ጠየቀ፤ ደስታዬ ሙሉ ነው የሚል አላገኘም።

ይህን መጽሐፍ ወዳማርኛ የመለሱት አቶ ሲራክ ኅሩይ ናቸው። አባታቸው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ፣ ደን በሚባል ስፍራ ተወለዱ፤ በቤተ ክህነት ትምህርት አድገው እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ደረሱ። በ1903 ዓ.ም. ለንደንን፣ በ1911 ዓ.ም. አሜሪካን አይተዋል። በ1916 ዓ.ም. ከልዑል ተፈሪ መኰንን ጋራ አውሮፓን አይተው የጻፉትን መጽሐፍ «ደስታና ክብር» አሉት፤ ከጃፓን ጉዟቸውም ሌላ መጽሐፍ ወጣ።

እንግዲህ አንባቢ፣ ይህ ደስታ በመርከብ የመጣ ነው ትል ይሆናል። እኔ ግን ሰውየውን በሌላ ሥራቸው ማየት እወዳለሁ። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና ያማርኛ መጻሕፍት ስም ዘርዝረው አሳተሙ። ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1920 ዓ.ም.፣ ዝርዝሩን አስፍተው እንደገና አወጡት። ይህ ጭብጨባ የሌለበት ሥራ ነው፤ ዛሬ አንድ መጽሐፍ፣ ነገ አንድ መጽሐፍ መመዝገብ። የማይወደው ሰው 16 ዓመት ቈይቶ አይመለስበትም።

ደስታን የመረጠ ሰው ሐዘን አያገኘውም የሚል ቢኖር የኅሩይን ቤት ይመልከት። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን ሲይዝ ተሰደዱ። በ1929 ዓ.ም. በካምብሪጅ የተማረውን ልጃቸውን ፈቃደ ሥላሴን ፋሺስቶች ገደሉት። እሳቸውም መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ዐረፉ፤ ነጻነትን አላዩም።

በኦክስፎርድ የተማሩት ሲራክ ግን አዩ። አባትና ወንድም የሞተበት ሰው የሐዘን መጽሐፍ ቢተረጕም ማንም ባልፈረደበት። እሳቸው የመረጡት ደስታ ስለሚፈልገው መስፍን የተጻፈውን ነበር፤ በ1939 ዓ.ም. ታተመ። በመጨረሻው ምዕራፍ ዓባይ ሞልቶ መንገደኞቹን ቤት አውሏቸዋል። ተቀምጠው የልባቸውን ምኞት ይነጋገራሉ፤ የራስላስ እኅት ጥበብን ሁሉ ተምራ ለሴቶች ትምህርት ቤት ልታቆም ትመኛለች። ከዚያም ውሃው ሲጐድል ወደ ሐበሻ ለመመለስ ይቈርጣሉ።