የሳቅ አቅጣጫ፦ ከ«ፋቡላ» እስከ አለቤ

አለባቸው ተካ በመኪና አደጋ ሞተ የተባለ ሰሞን፣ በ1997 ዓ.ም.፣ እኔ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። ወሬው ቢላ የደረሰው በሬዲዮ ነው። ጎረቤታችን ቡና እያፈሉ ሳለ ሰምተው፣ ጀበናውን ምድጃ ላይ ትተው፣ ዘመድ እንደ ሞተበት ሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ እኛ ቤት መጡ። እናቴ ደንግጣ «ማን ሞተ?» አለቻቸው በኦሮምኛ። «አለቤ» አሉ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም፤ ሁለቱም ተቀምጠው አለቀሱ።

ይህን ነገር ለብዙ ዓመታት ሳወጣው ሳወርደው ኖሬያለሁ። ሁለቱም ሰውዬውን በአካል አላዩትም። አዲስ አበባንም አያውቋትም። አማርኛቸው ደግሞ ከገበያ ጨዋታ አያልፍም ነበር። ታዲያ በአማርኛ እያሳቀ ለኖረ ሰው ይህን ያህል ምን አስለቀሳቸው? እኔ በሙያዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ነገር ግን መልሱን ስፈልግ ሳላስበው ወደ ቴአትራችን መነሻ ድረስ ወደ ኋላ ሄድሁ።

ሳቅ መድረክ ሳይኖረው በፊትም ነበረ። በእኛ አገር ምድጃ ዳር በሚነገረው ተረት ጅቡም፣ ቀበሮውም፣ ዝንጀሮውም ተዋናይ ነው፤ ተራኪው ድምፁን እየለዋወጠ ሁሉንም ይሆናል። አስቴር ጋኖ በቃል ይዛው ከነበረው የኦሮሞ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ብዙው፣ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1894 ታትሟል። ሁለቱም ኋላ ወለጋ መጥተው አስተምረዋል። ያን መጽሐፍ ባሰብሁ ቁጥር፣ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ የታየው የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር እርሱም የአውሬዎች ተረት መሆኑ ይገርመኛል።

ደራሲው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በልጅነታቸው ከዓድዋ ጦርነት በኋላ ወደ ሩሲያ ተወስደው የመድፈኛነት ትምህርት ተምረዋል። ኋላ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። በ1910ዎቹ፣ አዲስ አበባ ውስጥ «ቴአትር» እየተባለ ይታይ የነበረው ዘፈንና ጭፈራ አላረካቸው ስላለ፣ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጽፈው በቴራስ ሆቴል መኳንንቱ ፊት አቀረቡ። አውሬዎቹ የሚናገሩት ስለ አውሬ አልነበረም፤ ስለ ጉቦና ስለ ብልሹ አስተዳደር ነበር። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትሩ ታገደ፤ የታተመውም ጽሑፍ እንዲሰበሰብ ተደረገ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ የሚነገረው የእገዳ ታሪክ ሆኖ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የሳቁ አቅጣጫ ነው። የመጀመሪያው ቴአትራችን ከታች ወደ ላይ ሳቀ። ባለሥልጣኑ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ራሱን በጅብ ቆዳ ውስጥ አየ፤ አልወደደውም። አንድ ሰው ሲሳቅበት የሚያደርገው ነገር ሥልጣኑን ይነግርሃል፤ ሥልጣን ያለው ያግዳል፣ የሌለው አብሮ ይስቃል።

ከዚያ ወዲያ መድረኩ እየሰፋ ሄደ። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ለኮሜዲ ተዋናይ የሚበቃ ጽሑፍ በማዘጋጀት መንግሥቱ ለማን የሚስተካከል አላውቅም። «ጠልፎ በኪሴ»ም ሆነ «ያላቻ ጋብቻ» የሚስቁት በተማረውና በባላባቱ፣ በልማዱና በኩራቱ ላይ ነው። ገረዷን ከጌታዋ ጋር ያጋባ ደራሲ ተመልካቹን በገረዷ አያስቀውም፤ በተቆጡት ዘመዶች እንጂ። (በነገራችን ላይ፣ እንግሊዝ አገር የተማረው ይህ ሰው የአባቱን የአለቃ ለማን ትዝታ ከአፋቸው እየሰማ የጻፈው መጽሐፍም፣ ከተውኔቶቹ ባልተናነሰ ያስቃል።)

ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ቢላ አልመጡም። እኛ ጋ የመጣው ካሴትና ቴሌቪዥን ነው። በካሴቱ ውስጥ ያገኘነው ሳቅ ደግሞ አቅጣጫውን ቀይሮ ነበር።

የሻይ ቤቱን ቴፕ ከበን የምንሰማው ቀልድ ውስጥ አንድ የታወቀ ገጸ ባሕርይ ነበር፤ አማርኛ የሚያበላሸው ባላገር። አንዳንዴ ጉራጌ ነው፣ አንዳንዴ ጎጃሜ፣ አንዳንዴ ኦሮሞ። የኦሮሞው ተራ ሲደርስ ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» ይላል፤ አዲስ አበባ በሳቅ ትፈርሳለች። እኛም እንስቅ ነበር። ከሳቅን በኋላ ግን ዝም እንል ነበር፤ ምክንያቱም የአያታችን አነጋገር ነው። በኦሮምኛ «አቲ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ያ ሰው አማርኛ አላበላሸም፤ የእናቱን ሰዋስው ይዞ ሰው ቤት ገባ እንጂ። በክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ከመመለሴ በፊት ዓረፍተ ነገሩን ሦስት ጊዜ በሆዴ የምደግመው ከዚያ ካሴት ወዲህ ነው። ዛሬ በባንኩ መስኮት ሁሉንም «እርስዎ» ስለምል ከዚህ ጣጣ ድኛለሁ።

ቀልደኞቹን ክፉ ነበሩ አልልም። ከሚያውቁት ሠፈር፣ ከሰሙት አነጋገር ሠሩ። ደግሞም ማንም አላገዳቸውም፤ የሚሳቅበት ሰው ለማገድ የሚያበቃ ወንበር አልነበረውምና።

አለባቸው ተካንና ልመንህ ታደሰን ያየናቸው በቴሌቪዥን ነው። በሠፈራችን አንድ ቴሌቪዥን ነበር፤ በበዓል ቀን ቤቱ በር ድረስ ይሞላል፤ አንዱ ልጅ ውጭ ቆሞ አንቴናውን ያዞራል፤ «ተወው! እንደዚያ ይዘኸው ቁም!» ይባላል። ያ ልጅ ብዙ ጊዜ እኔ ነበርሁ። ስለዚህ የአለባቸውን ቀልድ ያወቅሁት ከዐይኔ ይልቅ ከውጭ ሆኜ በምሰማው የሰው ሳቅ ነው። አንድ ነገርም ያኔ አስተውያለሁ፤ እናቴና ጎረቤታችን የሚስቁት ንግግሩ ከማለቁ በፊት ነበር። ተርጓሚ አይጠብቁም። ፊቱን፣ አቋቋሙን፣ ነገር ሲጠፋበት የሚቆምበትን ዝምታ ያነቡ ነበር።

ቻርሊ ቻፕሊን ፊልም መናገር ከጀመረ በኋላ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1931 «የከተማ ብርሃናት»ን ያለ ንግግር ያወጣው ያለ ነገር አልነበረም። ያ ባለ ቆብና ባለ ከዘራ ምስኪን አፉን ቢከፍት የአንድ አገር ሰው ይሆናል፤ ዝም ሲል ግን የሁሉም ነው። አለባቸው ቃል የሚናገር ተዋናይ ነበር፤ ቃሉም ይጣፍጣል። ቢላ ድረስ ያደረሰው ግን ቃሉ አይመስለኝም።

ከዚያ «አለቤ ሾው» መጣ። አሁን ሳስበው የሰውዬው ትልቁ ሥራ እርሱ ይመስለኛል፤ ቀልዱን የሚያስቀድሙ እንዳሉ ባውቅም። ሕዝብ በሳቁ ያወቀው ተዋናይ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሌላውን ሰው ማናገር ጀመረ። ታዋቂውም ይቀርብ ነበር፣ ችግር የጎዳውም። ችግረኛው በቀልደኛ ፊት ሲቀመጥ የሚፈራው ነገር አለ፤ ይሳቅብኛል ብሎ ይፈራል። አለቤ ግን ሳቁን ወደ ራሱ ያዞረው ነበር። ለእንግዳው የሚተወው ጆሮውን ነው። የተመልካች ሳቅና እንባ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲቀያየሩ ያየሁት በዚያ ፕሮግራም ነው፤ ለተቸገረ ሰው እጅ እንዲዘረጋ ሲለምንም፣ አዝናኝነቱ ተአማኒነቱን አልቀነሰበትም። ካሴቱ የሳቀበት ዓይነት ሰው እዚህ በስሙ ተጠርቶ፣ እንደ ክቡር እንግዳ ተቀምጦ ተናገረ። ጎረቤታችን ያለቀሱለት ይህን አለቤን ይመስለኛል።

ባለፈው ዓመት እኚሁ ሴት ልጃቸው የላከላቸውን ገንዘብ ሊቀበሉ ወደ መስኮቴ መጡ። አርጅተዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ በኦሮምኛ እንጂ በሌላ ቋንቋ አናግረውኝ አያውቁም። ያን ቀን ግን ቢሮ ነው ብለው ይሁን፣ ከኋላቸው የቆመው እንግዳ ሰው ከብዷቸው፣ ቀና ብለው በአማርኛ «አንቺ ልጄ፣ ደኅና ነሽ?» አሉኝ። ከሰልፉ መሐል አንድ ወጣት ፈነዳ። እኔ ፊቴ ጋለ፤ ያ የሻይ ቤት ቴፕ ከሃያ ዓመት በኋላ የተከፈተ መሰለኝ።

እሳቸው ዞር አሉ። ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ቅንድባቸውን ሰቅለው፣ አፋቸውን ትንሽ ከፍተው፣ ምንም ሳይናገሩ ቆዩ። ያን ዝምታ ዐውቀዋለሁ፤ አንቴናውን ይዤ ሰምቼዋለሁ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፤ ልጁም ዐንገቱን ሰብሮ ሳቀ። እሳቸው ደግሞ ወደ እኔ ተመልሰው በኦሮምኛ «በል ቶሎ በል፣ ቡና ጥጄ ነው የመጣሁት» አሉኝ።

ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሰጠኋቸው።