ዊፕ ሆል፦ የእንባ ቀዳዳ

የእንባ ቀዳዳ፣ በእንግሊዝኛው ዊፕ ሆል፣ በመኪና የውሃ ፓምፕ ሆድ ሥር ሆን ተብሎ የሚበሳ ትንሽ ቀዳዳ ነው። ፓምፑ ጤነኛ ሳለ ደረቅ ነው። ውስጡ ያለው የውሃ ማገጃ ቀለበት ማለቅ ሲጀምር ግን ኩላንቱ (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) በዚያ በኩል ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። በየጋራዡ ራሱን የቻለ ስም ስለሌለው ብዙ ጊዜ የሚታየው እንደ ብልሽት ነው፤ ስለዚህም በሲልከን ይደፈናል።

“ማፍሰሻ” ብንለው ራዲያተር ሥር ካለው መክፈቻ ጋር ይምታታል፤ “ማንጠባጠቢያ” ብንለው ደግሞ መንጠባጠብ የዘወትር ሥራው ይመስላል። እንባ የሚመጣው የሆነ ነገር ሲነካን ነውና “የእንባ ቀዳዳ” ይሻላል።

ነገሩን በላዳ እንየው። ላዳ 2101 ከፊያት 124 ፈቃድ ተወስዶ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት፣ ቶሊያቲ ከተማ ይመረት የነበረ መኪና ነው። አዲስ አበባ ላዳን የምታውቀው በሰማያዊና ነጭ ታክሲነቱ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ እጁን ዘይት ማስነካት የሚወድ ሰው ደግሞ ከዚህ የተሻለ መማሪያ አያገኝም፤ ኮፈኑ ሲከፈት ሁሉም ነገር ይታያል፣ እጅም ይደርሳል። (የቮልስ ባለቤቶች እዚህ ላይ ፈገግ ማለት ትችላላችሁ። የእናንተ ሞተር የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው።)

የፓምፑ ዘንግ ከፊት በቺንጋ ይዞራል፤ ከኋላ ጫፉ ላይ ያለው መቅዘፊያ ኩላንቱን በሞተሩ ውስጥ ይገፋል። መሐል ላይ ዘንጉን የያዘው በግራሶ የተሞላ ኩሽኔታ አለ። በኩሽኔታውና በኩላንቱ መካከል የቆመው ያ የማገጃ ቀለበት ብቻ ነው። ቀለበቱ ዕድሜውን ሙሉ እየተፋተገ ስለሚኖር አንድ ቀን ማለቁ አይቀርም። የሠሩት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ በማገጃውና በኩሽኔታው መካከል ባዶ ቦታ ትተው ከዚያ ወደ ታች ቀዳዳ አወጡ። ሾልኮ ያለፈው ኩላንት ኩሽኔታው ጋ ሳይደርስ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ባለመኪናውም ያያል።

ቀዳዳው ሲደፈን ፈሳሹ መውጫ ያጣና ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል፤ ግራሶውን ያጥበዋል። ኩሽኔታው መጀመሪያ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ዘንጉ ይወላወላል። በ2101 ላይ ቬንትሌተሩ የተገጠመው በዚሁ ዘንግ ጫፍ ላይ ነው፤ ራዲያተሩም ፊት ለፊቱ አጠገቡ ነው። የተወላወለ ቬንትሌተር ራዲያተር ይበላል። በአንድ ፓምፕ ያልቅ የነበረው ወጪ ራዲያተር ይጨመርበታል ማለት ነው።

ትንሽ ጠብታ ምን ያመጣል ለሚል ሰው መልሱ ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ክፍት ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ እንጦጦ ሲወጡ ወደ 90 ይጠጋል። የላዳ ሞተር ደግሞ በደህና ቀኑ የሚሠራው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ሳያፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን እስከ 0.5 ባር የሚደርስ ግፊት አፍኖ ስለሚይዝ ነው፤ በዚህ ግፊት የመፍያው ነጥብ አዲስ አበባ ላይ እንኳ ከ100 ዲግሪ ያልፋል። የሚያፈስ መኪና ግን ግፊቱንም ፈሳሹንም ያጣል። የሙቀቱ መርፌ ገና ደህና ቦታ ላይ እያለ ራዲያተሩ ሲንተከተክ ያዩ ሰዎች ካሉ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የሚያፈስበትን ቦታ ፍለጋ የሚጀመረው ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ነው፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም፣ ፊትና እጅ ያቃጥላል። ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ጠብታው ያረፈበት ቦታ አቅጣጫ ይሰጣል እንጂ ምንጩን አይናገርም፤ ፈሳሽ በብሎኩ ላይ ተንሸራቶ ሌላ ቦታ ይንጠባጠባል፣ በጉዞ ላይ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ እርጥቡን እየተከተላችሁ ወደ ላይና ወደ ፊት ሂዱ። ከሁሉ በላይ ያለው እርጥብ ቦታ ነው ተጠርጣሪው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከላይ ካለ የራዲያተር ጎማ ቱቦ የወረደውን ኩላንት የፓምፑ አድርጎ ነው። ፓምፑን ዙሪያውን በጨርቅ አድርቁና ትንሽ መስታወት ከሥሩ አስገብታችሁ በባትሪ ብርሃን እዩት። ከቀዳዳው አፍ የሚጀምር፣ ደርቆ የኩላንቱን ቀለም ወይም ነጭ ቅርፊት የያዘ መስመር ካለ ጥፋቱ የፓምፑ ነው። ቀዳዳው ደርቆ ዙሪያው ብቻ ከራሰ ግን ፓምፑን ተዉትና የጎማዎቹን ማሰሪያ ፈትሹ። ሞተሩ እንደጠፋ የቬንትሌተሩን ምላጭ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁ፤ ከተወላወለ ኩሽኔታውም አብቅቷል።

ቆሞ የማያፈስ ሲሄድ ብቻ የሚያፈስ መኪና ሲያጋጥም በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚገጠም ባለመለኪያ የእጅ ፓምፕ ያስፈልጋል። ቀዝቃዛውን ሞተር ክዳኑ እስከሚችለው ግፊት ድረስ ብቻ ነፍቶ መርፌውን አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነው። መርፌው ወርዶ ውጭ ምንም እርጥብ ከሌለ፣ ከፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ ዳብሱ፤ የላዳ ማሞቂያ ቧንቧ እዚያ ማፍሰስ ልማዱ ነው። እሱም ደረቅ ከሆነ ኩላንቱ ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ይሆናል። ጭስ ማውጫው ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ነጭ ጭስ ካልተወ ወይም ዘይቱ ነጥቶ ከወፈረ ጉዳዩ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው፤ እሱ ሌላ ሥራ ነው።

ፓምፑ ከሆነ ግን መፍትሔው መቀየር ብቻ ነው። ራዲያተር ውስጥ የሚጨመሩት የፍሳሽ ማቆሚያ ዱቄቶች የሚዞር ቀለበት አይጠግኑም፤ የማሞቂያውን ቀጫጭን ቱቦዎች ግን ይደፍናሉ። ሲቀየር የፓምፑ አሮጌ ጓርኒሲዮን ከብረቱ ላይ ተፍቆ ሙሉ በሙሉ ይነሳ፤ ሲልከን ካስፈለገም ስስ ይሁን። ቺንጋው በፓምፑና በዲናሞው መካከል በአውራ ጣት ጠንከር ተደርጎ ሲጫን ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይርገብ፤ ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ አዲሱን ኩሽኔታ ቶሎ ይገድላል። የላዳ ማቀዝቀዣ ማሞቂያውን ጨምሮ 9.85 ሊትር ይይዛል፤ ግማሹ ኩላንት ግማሹ የተጣራ ውሃ ይሁን። የቧንቧ ውሃ ብቻ ከሆነ ዝገትና ቅርፊት አምጥቶ ማገጃውን ይፈጀዋል። ሲሞላ የማሞቂያው ቧንቧ ክፍት ይሁን፣ አየር እንዳይታፈን። የወጣውን አሮጌ ኩላንት ደግሞ ቦይ ውስጥ አትድፉት፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ሆኖ መርዝ ስለሆነ ውሻም ሕፃንም ይቀምሰዋል።

መለዋወጫ ገበያው ሱማሌ ተራ ሄዳችሁ ፓምፕ ስትገዙ ከመክፈላችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩት። የእንባው ቀዳዳ በቀለም ወይም በቅርፊት ከተዘጋ አትግዙት፤ መካኒኩም ሲልከኑን ይዞ ወደ ቀዳዳው ከመጣ እጁን ያዙት።