የመላእክት ድርሻ

በሥራዬ የምቆጥረው ገንዘብ በተቀመጠ ቁጥር ወለድ ይወልዳል። ውስኪ ግን እንዲያ አይደለም፤ በበርሜል ተኝቶ ሳለ በየዓመቱ 2 በመቶ ያህሉ ተንኖ ይጠፋል። ስኮትላንዳውያን ይህን ጉድለት «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። እየጎደለ ዋጋው የሚንር ሀብት መኖሩ ቢያስገርመኝ፣ ብሮራ የተባለውን የውስኪ መጥመቂያ ታሪክ ማንበብ ጀመርሁ።

ብሮራ በሰሜን ስኮትላንድ፣ በሰዘርላንድ ባሕር ዳር ትገኛለች። መጥመቂያውን እ.ኤ.አ. በ1819 ያሠራው ኋላ የሰዘርላንድ መስፍን የተባለው ባለርስት፣ የስታፎርድ ማርኪስ ነው። በዚያው ዓመት የእርሱ ሹማምንት ከስትራትኔቨር ሸለቆ ጭሰኞችን አፈናቅለው፣ እንዳይመለሱ ቤታቸውን አቃጠሉ፤ መሬቱ ለበግ ተፈልጎ ነበርና። ከፊሉ ሕዝብ ተሰደደ፤ ከፊሉም በባሕር ዳር ጠባብ ማሳ ላይ ሰፈረ። መጥመቂያው የታሰበው የባሕር ዳሩ ጭሰኛ ገብሱን በስውር አረቄ ለሚያወጡ ከመሸጥ ይልቅ ወደዚያ እንዲያመጣ ነው። ከገብሱ የሚያገኘው ገንዘብም በኪራይ መልክ ወደ ባለርስቱ ይመለስ ነበር። ጭሰኛ የሚለው ቃል ምን እንደሚመዝን ለእኛ መንገር አያሻም።

መጥመቂያው ለረጅም ዘመን ክላይንሊሽ ይባል ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከጎኑ አዲስ ፋብሪካ ሲቆም ስሙን ለአዲሱ ለቀቀ፤ ከ1975 ጀምሮም በመንደሩ ስም ብሮራ ተባለ። በ1983 የስኮትላንድ መጋዘኖች ገዢ ባጣ ውስኪ ሲሞሉ፣ ብሮራም እንደ ብዙዎቹ ተዘጋ። ሁለቱ የመዳብ ማንጠሪያዎች በጨለማ ቀሩ። በበርሜል የተረፈው ውስኪ ግን ባነሰ ቁጥር ተፈላጊነቱ ጨመረ፤ አንዱ ጠርሙስ በሐራጅ በብዙ ሺህ ፓውንድ እስከ መሸጥ ደረሰ።

በ2021 መጥመቂያው ዳግም ተከፈተ። ማንጠሪያዎቹ ታድሰው ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመለሱ። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ለ38 ዓመታት የተዘጋ በር ሲከፈት ማን ይከፋዋል?

ደስታዬ ግን ሙሉ አልሆነም። በስትራትኔቨር፣ ሮሳል በተባለው መንደር፣ የቤቶቹ የድንጋይ መሠረት ዛሬም በሣር ውስጥ ይታያል፤ ወደዚያ የተመለሰ ባለቤት የለም። መዝገብ መያዝ እንጀራዬ ነውና፣ አንድ ጥያቄ ከልቤ አልወጣ አለ፦ የመላእክቱ ድርሻ በየዓመቱ ሲሰላ፣ የጭሰኞቹ ድርሻ በየትኛው ገጽ ተጻፈ?