«ስኳር» የሚለው ስም ከየት መጣ? ማወቁስ ይጠቅመናል?



ኩፓት ሆሊም ሄደን ሐኪሙ «ሱከሬት» ሲል፣ እኛ «ስኳር አለብዎ» ብለን እናስተረጉማለን። ትርጉሙ ትክክል ነው። የዕብራይስጡ ስም «ሱካር» ከሚለው ቃል ወጥቶ፣ በኦሪት እንደምናውቀው እንደ «ጻራዓት» በበሽታ ስም መልክ የተሠራ ነው። «ሱካር» እና የእኛው «ስኳር» ደግሞ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሥራቸው ህንድ አገር ነው፣ በፋርስና በዓረብ በኩል አልፎ ወደ ብዙ ሕዝብ ተዳረሰ።

ግሪኮች ግን በሽታውን «ዲያቤቴስ» አሉት፤ «አልፎ የሚሄድ» እንደማለት ነው። ሕመምተኛው የጠጣው ውሃ ሁሉ በሽንት ሲወጣ አይተው ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ ሽንቱ እንደ ማር እንደሚጣፍጥ ጻፈ፤ «ሜሊተስ» የሚለው ተቀጥላም ከማር የመጣ ነው። በ1776 እ.ኤ.አ. ማቲው ዶብሰን ሽንቱን በእሳት አትንኖ ስኳር አገኘበት።

እንግዲህ ልብ እንበል። ስሞቹ ሁሉ የሚናገሩት ምልክቱን ነው፤ የበሽታውን ምክንያት አንዱም አይነግረንም። ምክንያቱ መገለጥ የጀመረው ቆይቶ ነው። በ1921 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ላይ ከቆሽት ኢንሱሊን ተለይቶ ወጣ፤ በ1922 ለሕመምተኛ ተሰጠ። «ኢንሱሊን» ራሱ «ደሴት» ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ የሚያመነጩት ሕዋሳት በቆሽት ውስጥ እንደ ደሴት ተበታትነው ስለሚገኙ።

ይህን የምናነሣው ለወግ ብቻ አይደለም። በሥራችን ብዙ ጊዜ የምንሰማው «እኔ ሻይ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው፣ ታዲያ ከየት መጣብኝ?» የሚል ነው። ስሙ አሳሳተን ማለት ነው። ዳቦው፣ ሩዙ፣ እንጀራውም ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ወደ ስኳርነት ይለወጣል። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሰውነት አልታዘዘው ሲል፣ ያ ስኳር ደም ውስጥ ይቀራል። ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ እግርን የሚጎዳው ይኸው ነው።

ስለዚህ የቃል ምንጭ ከሕክምና ወሬ ይውጣ አንልም። ባዕድ የመሰለንን ስም ያቀርብልናል፤ የጥንት ሰው ምን እንዳየም ያስታውሰናል። ግን መድኃኒትና ምግብ የሚወሰነው በስሙ ሳይሆን ዛሬ በሚታወቀው ነው። ልጆቻችሁ ሲያስተረጉሙላችሁ «ስሙን ሰማሁ፤ ሰውነቴ ውስጥ ምን እየሆነ ነው?» ብላችሁ ሐኪሙን አስጠይቁ።