ልብ ወለድ በኪራይ

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይባል ነበር። በኋላ «ጦቢያ» የሚለው ስም ገነነ፤ «ልብ ወለድ» ደግሞ የዘርፉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ተራው አንባቢ ግን ልብ ወለድን በብዛት ያገኘው በኪራይ ነው። የአዲስ አበባው መጽሐፍ አከራይ መያዣ ተቀብሎ በሳንቲም ይሰጥ ነበር። መጽሐፉ ሽፋኑ በጋዜጣ የተለበደ፣ ጠርዙ በእጅ ወዝ የጠቆረ፣ አንዳንዴም የመጨረሻ ገጹ የተገነጠለ ነበር። የወንጀል ታሪክ ከሆነማ ጉድ ፈላ! ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸው የስለላ መጻሕፍትም እንዲሁ ከእጅ ወደ እጅ ዞረዋል።

የአንባቢ ፍርድ ከሃያሲ ፍርድ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ምሁራን ቢያወድሱትም፣ ከመሃል ያቋረጠው ብዙ ነው፤ ከባድ ነውና አይፈረድበትም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ግን ፊደል ያልቆጠረውም ያውቀዋል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮታልና።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ታገደ። ከገበያ ሲሰበሰብ ያመለጡት ቅጂዎች በድብቅ ተነበቡ። ደራሲው የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም።